ኢሜይላችሁ ሳጥን ሳጥን ሆኖ እንዳይደርስ፦ ለአማርኛ ኢሜይል ፎንት አመራረጥ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካሉት ኮፒ ቤቶች አንዱ ገብታችሁ የሥራ ማመልከቻ አስጻፋችሁ እንበል። ስክሪኑ ላይ ያምራል። ርዕሱ ወፍራም ነው፣ ፊደሉ ያጌጠ ነው፣ ሁሉም በቦታው ነው። ከዚያ በኢሜይል ተላከ። አዲስ አበባ ያለው ሰው ሲከፍተው ግን የሚያየው የተደረደረ ባዶ ሳጥን ነው፣ ወይም የላቲን ፊደልና ምልክት የተደባለቀበት ዝብርቅርቅ ነገር። የከፋው ደግሞ፣ ብዙ ሰው ደውሎ አይነግራችሁም። ዘግቶት ወደሚቀጥለው ማመልከቻ ያልፋል።

ይሄ ሊሆን የማይገባው ነገር ነው። የሰው የሥራ ዕድል፣ የነጋዴ ትዕዛዝ፣ የተማሪ ደብዳቤ በፎንት ምክንያት መቅረት የለበትም። አብሽሩ፣ መፍትሔው ከባድ አይደለም። የኮምፒውተር ባለሙያ መሆንም አይጠይቅም።

ፎንቱ አብሮ አይላክም

ከእርምጃዎቹ በፊት ይሄን አንድ ነገር ያዙ። ኢሜይል ስትልኩ የሚሄደው የየፊደሉ የኮድ ቁጥርና «ይህን ጽሑፍ በእንትን ፎንት አሳየው» የሚል የስም ትዕዛዝ ነው። ፎንቱ ራሱ፣ ማለትም የፊደሎቹ ቅርጽ ያለበት ፋይል፣ እናንተ ኮምፒውተር ላይ ይቀራል። የተቀባዩ ስልክ በዚያ ስም የሚጠራ ፎንት ካለው ይጠቀምበታል፤ ከሌለው ባለው ይተካዋል። እንግዳ ልካችሁ «ቡናውን በጀበና አፍሉለት» እንደማለት ነው፤ ጀበና የሌለበት ቤት በማንቆርቆሪያ ያፈላዋል፣ እንግዳው ግን ቡናውን ይጠጣል።

ስለዚህ ጥያቄው «የቱ ፎንት ያምራል?» ከሚለው ይልቅ «ፎንቱ ሲተካ ጽሑፌ ይነበባል ወይ?» የሚለው ነው። መተካቱ እንደሆነ አይቀርም። እናንተ ኮምፒውተር ላይ የጻፋችሁትን ሰውየው ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት በሚኒባስ እየወረደ ስልኩ ላይ ሊያነበው ይችላል። ያ ስልክ የእናንተን ፎንት አያውቀውም።

1. ጽሑፉ ዩኒኮድ መሆኑን አረጋግጡ

ሌላውን ሁሉ ብትዘሉ እንኳ ይቺን አትዝለሉ።

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ወደሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ለዋናው ገበታ 384 ቦታ ተያዘለት። ከዚያ ወዲህ «ደ» በሁሉም ዘመናዊ ስልክና ኮምፒውተር ላይ የራሷ የሆነ አንድ ቁጥር አላት፣ ከሌላ ፊደል ጋር አትምታታም። ከዚያ በፊት የነበረው የኮምፒውተር አማርኛ ግን በብልሃት የሚሠራ ነበር። የድሮዎቹ የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች የአማርኛውን ቅርጽ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች በሚቀመጡበት ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ዓይናችሁ «ደሴ» ያያል፤ ፋይሉ ውስጥ ያለው ግን የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። በዚያን ዘመን በአማርኛ ደብዳቤ እንድንጽፍ፣ መጽሔት እንድናትም ያስቻለን ይሄ ሥራ ስለሆነ ላቅ ያለ ክብር ይገባዋል። ለኢሜይል ግን አይሆንም።

የድሮው አጻጻፍ ዛሬም ያልጠፋው ለምን መሰላችሁ? ብዙ ቦታ የሚሠራበት የደብዳቤ ናሙና ከዓመታት በፊት የተዘጋጀ ነው። ስምና ቀን እየተቀየረ ይታተማል። ለማተም ደግሞ ምንም ችግር የለበትም፤ አንዴ ወረቀት ላይ የወጣ ፊደል አይለወጥም። ጉዱ የሚመጣው ያው ጽሑፍ ኮፒ ተደርጎ ኢሜይል ላይ ሲለጠፍ ነው።

መፈተሻው ቀላል ነው። ጽሑፉን ኮፒ አድርጉና ኖትፓድ ላይ ፔስት አድርጉት። ኖትፓድ ከሌላ ቦታ የመጣ የፎንት ትዕዛዝ አይቀበልም፣ የሚይዘው ፊደሉን ብቻ ነው። አማርኛው አማርኛ ሆኖ ከቀጠለ ዩኒኮድ ነው፣ ወደሚቀጥለው እለፉ። ወደ ላቲን ዝብርቅርቅ ከተለወጠ የድሮው ነው፣ እንዳለ እንዳትልኩት።

በፕሮግራሙ ስም ብቻ ግን አትፍረዱ። ፓወር ግዕዝም ቪዥዋል ግዕዝም በኋላ የዩኒኮድ ፎንት አውጥተዋል፤ አንዱ ኮምፒውተር ላይ ሁለቱም ዓይነት ጎን ለጎን ሊገኝ ይችላል። ኮፒ ቤት የምታስጽፉ ከሆነ ከመጀመሪያው «በዩኒኮድ ጻፍልኝ፣ በኢሜይል የሚላክ ነው» በሉ። ጸሐፊዎቹ ያውቁታል። ካልተነገራቸው ግን ለኅትመት የለመዱትን ይከፍታሉ።

ያላችሁ ጽሑፍ የድሮው ሆኖ ከተገኘ፣ አጭር ከሆነ እንደገና ጻፉት፣ በቃ። ረጅም ከሆነ ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አሉ፣ ሆኖም ከተቀየረ በኋላ ቁጥሩን፣ ቅንፉን፣ አራት ነጥቡንና እንደ ቋ፣ ጓ፣ ሟ፣ ኳ ያሉትን ፊደላት በዓይናችሁ አንድ በአንድ እዩ። ስህተት የሚበዛው እነሱ ላይ ነው። የሰው ስም፣ የአባት ስምና የሒሳብ ቁጥር ያለበትን መስመር ደግሞ ሁለቴ አንብቡት።

ከዛሬ ጀምሮ የምትጽፉትን ግን በዩኒኮድ ጀምሩት። ዊንዶውስ የራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው፣ ኪማን የሚባለውም ነፃ ነው፣ ስልክ ላይ ጂቦርድ ውስጥ አማርኛ አለ። ሦስቱም የሚጽፉት ዩኒኮድ ነው።

2. ተቀባዩ ጋ ሊኖር የሚችለውን ፎንት ምረጡ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከኢንተርኔት ያወረደውን ያማረ ፎንት ኢሜይሉ ላይ በማድረግ ነው። ለሠርግ ካርድ፣ ለባነር፣ ለሱቅ ታፔላ ምርጥ ሊሆን ይችላል። ኢሜይል ላይ ግን ከእናንተ ኮምፒውተር ውጭ ማንም አያየውም።

ማን ጋ ምን አለ? ዊንዶውስ ላይ ከቪስታ ጀምሮ ኒያላ የሚባል የግዕዝ ፎንት አብሮ ይመጣ ነበር፣ ዊንዶውስ 7 ላይም አለ። ዊንዶውስ 8 ሲወጣ ኢብሪማ በሚባለው ፎንት ውስጥ የግዕዝ ፊደል ተጨመረ። ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ኢብሪማ ሁልጊዜ አለ፤ ኒያላ ግን ተጨማሪ ሆኖ ለብቻው የሚወርድ ስለሆነ፣ አማርኛ ቋንቋ ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ላታገኙት ትችላላችሁ። አፕል ኮምፒውተር ላይ ያለው ኬፋ ይባላል። አንድሮይድ ስልኮች ላይ የምታዩት አማርኛ ብዙውን ጊዜ ኖቶ ኢትዮፒክ ነው።

እንግዲህ በሁሉም ቦታ የሚገኝ አንድ የአማርኛ ፎንት የለም ማለት ነው። እንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው ኤሪያል ወይም ቨርዳና ወይም ጆርጂያ መርጦ ይተኛል። እነዚህ ሦስቱ ውስጥ አንድም የግዕዝ ፊደል የለም። «እኔ ግን ኤሪያል መርጬ አማርኛው ይታየኛል» ካላችሁ፣ የሚታያችሁ ኮምፒውተሩ በኢብሪማ ወይም በኒያላ ተክቶላችሁ ነው።

ይሄ መጥፎ ነገር አይደለም። እንዲያውም ለአብዛኛው ሰው የምመክረው ይሄንኑ ነው፦ ተራ የሆነ ፎንት ምረጡና አማርኛውን የተቀባዩ መሣሪያ በራሱ ፎንት እንዲያሳየው ተዉት። በተለይ አማርኛና እንግሊዝኛ እየቀላቀለ ለሚጽፍ ሰው፣ ለምሳሌ ከኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ስለ ዕቃ መልእክት ለሚለዋወጥ ወይም በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ላለ ድርጅት ሲቪ ለሚልክ፣ ከዚህ የተሻለ የለም። እንግሊዝኛው በኤሪያል ይታያል፣ አማርኛው በስልኩ ፎንት፣ ሁለቱም ይነበባሉ።

ፎንት መርጬ ልጻፍ ካላችሁ ደግሞ፣ ዊንዶውስ ላይ ከኒያላ ይልቅ ኢብሪማን ምረጡ። ኒያላ የሚያምር ፎንት ነው፣ ወረቀት ላይ እወደዋለሁ፣ ነገር ግን እውነተኛ ቦልድ የለውም፤ ቦልድ ስታደርጉት ኮምፒውተሩ ፊደሉን ያደነድነዋል እንጂ የተሳለ ወፍራም ፊደል አያወጣም፣ ስለዚህ እንደ ጨ፣ ጠ፣ ሟ ያሉት ፊደላት ውስጣቸው ይደፈናል። በዚያ ላይ በእኩል የመጠን ቁጥር ከኢብሪማ አነስ ብሎ ይታያል። ኢብሪማ የራሱ ቦልድ አለው፣ የላቲን ፊደሉም ከአማርኛው ጋር ይስማማል።

ዜና መጽሔት ወይም ማስታወቂያ በድረ ገጽ ኮድ አዘጋጅታችሁ ለብዙ ሰው የምትልኩ ከሆነ፣ የፎንቶቹን ስም በተርታ ጻፉ፦ ኢብሪማ፣ ከዚያ ኒያላ፣ ከዚያ ኬፋ፣ ከዚያ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ መጨረሻ ላይ ሳንስ ሴሪፍ (መሣሪያው ያለውን ጌጥ አልባ ፎንት ይጠቀም ማለት ነው)። ኮዱ ውስጥ ስማቸው በላቲን ፊደል ነው የሚገባው። መሣሪያው ከላይ ጀምሮ እየፈለገ መጀመሪያ ያገኘውን ይጠቀማል። ከኢንተርኔት የሚጠራ ፎንት ላይ ግን አትተማመኑ። የአፕል ሜይል ይቀበለዋል፤ ጂሜይል ግን ይጥለዋል፣ ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው የማይክሮሶፍት የኢሜይል ፕሮግራም፣ የቀድሞው አውትሉክም፣ ከ2007 እትም ጀምሮ ኢሜይልን የሚያሳየው በዎርድ ሞተር ስለሆነ አይቀበለውም።

3. ጂሜይልን አንዴ አስተካክሉት

ኮምፒውተር ላይ ጂሜይልን ክፈቱና ከላይ በቀኝ በኩል ያለችውን ጥርስ ያላት የሴቲንግ ምልክት ንኩ። «ሲ ኦል ሴቲንግስ» የሚለውን ክፈቱ። «ጄኔራል» ውስጥ ትንሽ ወረድ ስትሉ «ዲፎልት ቴክስት ስታይል» የሚል አለ። ፎንቱን «ሳንስ ሴሪፍ»፣ መጠኑን «ኖርማል» አድርጉና ገጹ መጨረሻ ላይ ሴቭ በሉ። ሴቭ ማለትን ብዙ ሰው ይረሳዋል፣ ካልተጫነ ደግሞ ምንም አልተቀየረም።

እዚያ ዝርዝር ውስጥ ጋራሞንድ፣ ኮሚክ ሳንስ የሚሉም አሉ። ተዉአቸው። ለአማርኛው ምንም አይጨምሩም፣ እንግሊዝኛውም ስልክ ላይ ሌላ ሆኖ ይታያል።

4. አውትሉክ ለምትጠቀሙ

መሥሪያ ቤት ውስጥ ያላችሁ ብዙዎቻችሁ የቀድሞው አውትሉክ ነው ያላችሁ። «ፋይል»፣ «ኦፕሽንስ»፣ «ሜይል»፣ ከዚያ «ስቴሽነሪ ኤንድ ፎንትስ» የሚለውን ክፈቱ። ለአዲስ መልእክትም ለመልስም ለየብቻ ፎንት ይጠይቃችኋል፤ ሁለቱንም አስተካክሉ፣ አለዚያ የምትጽፉት አዲስ ደብዳቤ አንድ ዓይነት፣ መልሳችሁ ሌላ ዓይነት ይሆናል። ኢብሪማ 12 ጥሩ ነው።

ቀጥሎ ከዚህ ይልቅ ወሳኝ የሆነው አለ። ያንኑ «ኦፕሽንስ» ውስጥ «አድቫንስድ» ግቡና ወደ ታች ወርዳችሁ የኢንተርናሽናል ኦፕሽን ክፍልን ፈልጉ። የሚላክ መልእክት በምን ኮድ ይሂድ የሚለው ላይ «ዩኒኮድ ዩቲኤፍ 8» ምረጡ፤ የዩኒኮድ ፊደላት ተጽፈው የሚላኩበት መንገድ ነው። አማርኛው ወደ ጥያቄ ምልክት እንዳይለወጥ የሚጠብቀው ይሄ ነው።

5. ከዎርድ ስትለጥፉ ልብሱን አውልቁለት

ዎርድ ላይ የተጻፈን ነገር እንዳለ ኮፒ አድርጋችሁ ኢሜይል ላይ ስትለጥፉት የፎንቱ ስም፣ መጠኑ፣ ቀለሙ፣ የመስመር ክፍተቱ ሁሉ ተያይዞ ይመጣል። አንዱ አንቀጽ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ ሆኖ የምታዩት በዚህ ምክንያት ነው። ጥቁር ተብሎ በግድ የተቀባ ጽሑፍም ስልኩን ጨለማ ገጽታ ላይ ያደረገ ሰው ጋ ጥቁር በጥቁር ላይ ሆኖ ሊደርስ ይችላል።

ጂሜይል ላይ ስትለጥፉ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቪን አንድ ላይ ተጫኑ። ባዶ ጽሑፉ ብቻ ይገባል። ቀድማችሁ ለጥፋችሁት ከሆነ ሁሉንም ምረጡና ከታች ካሉት ምልክቶች «ሪሙቭ ፎርማቲንግ» የሚለውን ንኩ። ከዚያ ቦልድ መሆን ያለበትን እንደገና ቦልድ አድርጉ።

6. መጠን፣ ቦልድ፣ ዘመም ያለ ጽሑፍ

የአማርኛ ፊደል ዝርዝሩ ብዙ ነው። ጸ እና ጿ፣ በ እና ቡ የሚለዩት በትንሽ ጭረት ነው። እንግሊዝኛ በሚነበብበት አነስተኛ መጠን አማርኛ ዓይን ያደክማል፣ በተለይ ትልልቅ ሰዎች ላይ። በኮድ የምትሠሩ ከሆነ ከ16 ፒክሰል አትውረዱ፣ የመስመሩን ከፍታ ደግሞ የፊደሉን አንድ ተኩል ያህል አድርጉት። መስመሩ ከተጣበበ ረዘም ያሉት ፊደላት አናታቸው ወይም እግራቸው ይቆረጣል።

ዘመም ያለውን ኢታሊክ ለአማርኛ አትጠቀሙ። እነዚህ ፎንቶች ለአማርኛ የተሳለ ኢታሊክ የላቸውም፣ ኮምፒውተሩ ቀጥ ያለውን ፊደል ይገፋዋል፣ እሱም ያስቀይማል። ትኩረት የምትፈልጉበት ቦታ ላይ ቦልድ አድርጉ፣ እሱም ለአንድ ሁለት ቃል። ሙሉ አንቀጽ ቦልድ ከሆነ ምኑም ጎልቶ አይታይም።

ስለ አራት ነጥብም አንድ ነገር ልበል። ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ መትታችሁ አራት ነጥብ አታስመስሉ። አንዳንድ ፕሮግራም ላይ መስመር መጨረሻ ሲደርስ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ታች ሊወርድ ይችላል። እውነተኛው «።» በዩኒኮድ የራሱ ቦታ አለው፣ ኪቦርዱም ላይ አለ።

የኢሜይሉ ርዕስ መስመር ላይ ግን ፎንት የሚባል ነገር የለም። በምንም ፎንት ጻፉት በምን፣ የሚታየው በተቀባዩ ፎንት ነው። ዩኒኮድ ይሁን፣ አጭር ይሁን፣ አለቀ።

7. ቅርጹ እንዳይለወጥ የምትፈልጉት ነገር ካለ

ማኅተምና ፊርማ ያለበት ደብዳቤ፣ ሲቪ፣ የዋጋ ማቅረቢያ የመሰለ ነገር ቅርጹ መጠበቅ አለበት። ይሄን ኢሜይሉ ውስጥ አትለጥፉት። ፒዲኤፍ አድርጋችሁ አታች አድርጉት። ዎርድ ላይ «ሴቭ አዝ» ብላችሁ ፒዲኤፍ ስትመርጡ ፎንቱ ፋይሉ ውስጥ አብሮ ይገባል፣ ስለዚህ እናንተ ያያችሁትን እሱም ያያል። የድሮው ፎንት ላይ የተጻፈና ለመቀየር ጊዜ ያጣችሁለት ደብዳቤም በዚህ መንገድ ይድናል፤ ይነበባል፣ ግን ከውስጡ ቃል መፈለግም ኮፒ ማድረግም አይቻልም።

የፋይሉን ስም በላቲን ፊደልና በቁጥር አድርጉት። አንዳንድ አሮጌ የኢሜይል ሥርዓት የአማርኛ ፋይል ስም ያበላሻል፣ ተቀባዩም ምን እንደሆነ ሳያውቅ ይተወዋል።

ጽሑፉን ፎቶ አንስቶ መላክ ግን አይበጅም። ፎቶ በራሱ የማይከፍት ኢሜይል ብዙ ነው፣ ማየት የተሳናቸው ሰዎች የሚጠቀሙበት አንባቢ ፕሮግራምም ከፎቶ ላይ ፊደል ማንበብ ይከብደዋል። ስማችሁንና ስልካችሁን የያዘውን ፊርማ በፎቶ ያሠራችሁም ካላችሁ፣ ከሥሩ በጽሑፍ ድገሙት።

8. ከመላካችሁ በፊት ሞክሩ

ኢሜይሉን መጀመሪያ ለራሳችሁ ላኩት። ስልካችሁ ላይ ክፈቱት። ከዚያ የናንተ ፎንት የሌለበት ሌላ ኮምፒውተር ላይ ክፈቱት፣ የጓደኛ ላፕቶፕ ወይም ወሎ ዩኒቨርሲቲ የምትማሩ ከሆነ የላይብረሪው ኮምፒውተር ይሆናል። የጻፋችሁበት ኮምፒውተር ላይ መፈተሽ ዋጋ የለውም፣ ፎንቱ እዚያው ስላለ ሁልጊዜ ደህና ነው የሚመስለው። ስትከፍቱት ፊደሉን ብቻ አትዩ፤ ቁጥሩን፣ ነጥቡን፣ ቦልድ ያደረጋችሁትን ቃል እዩ።

«አልነበብ አለኝ» ካሏችሁ

ስክሪንሹት እንዲልኩላችሁ ጠይቁ። የሚታየው ነገር ችግሩ የት እንዳለ ይናገራል።

ባዶ ሳጥን ከሆነ ጽሑፉ በትክክል ደርሷል፣ የጎደለው እሱ ጋ ያለው ፎንት ነው። ስልኩ ላይ ይክፈተው። ዊንዶውስ 10 ከሆነ «ሴቲንግስ» ውስጥ «አፕስ»፣ ከዚያ «ኦፕሽናል ፊቸርስ» ገብቶ የኢትዮፒክ ተጨማሪ ፎንቶችን መጫን ይችላል፣ ክፍያ የለውም።

ተራ የላቲን ፊደልና ምልክት የተደባለቀበት ከሆነ የላካችሁት በድሮው ፎንት የተጻፈ ነው። እሱ ምንም ማድረግ አይችልም፤ ወደ አንደኛው እርምጃ ተመለሱ።

ጭረት ያለባት የላቲን «ኤ» በየሁለት ሦስት ምልክቱ እየተደጋገመች ከመጣች ግን ሌላ ነው። ዩቲኤፍ 8 ላይ የዋናው ገበታ የግዕዝ ፊደል እያንዳንዱ በሦስት ባይት (ባይት የኮምፒውተር መረጃ ትንሽ ቁራጭ ነው) ነው የሚጻፈው፣ የሁሉም የመጀመሪያ ባይት አንድ ነው፤ የተቀባዩ ፕሮግራም በሌላ ኮድ ሲያነበው ያቺ «ኤ» ሆና ትታያለች። ጽሑፉ አልጠፋም። የቀድሞው አውትሉክ ላይ መልእክቱን ከፍቶ «አክሽንስ»፣ «አዘር አክሽንስ»፣ «ኢንኮዲንግ» ውስጥ ዩኒኮድ ዩቲኤፍ 8 ቢመርጥ አማርኛው ይመለሳል።

የጥያቄ ምልክት ብቻ ተደርድሮ ከደረሰ ፊደሉ መንገድ ላይ ጠፍቷል፣ ተቀባዩ ጋ ምንም ቢደረግ አይመለስም። ኮዱን በአራተኛው እርምጃ እንዳየነው አስተካክላችሁ እንደገና ላኩለት፤ ቸኩሎ ከሆነ ደግሞ ፒዲኤፉን አታች አድርጉለት።